በአባቶቻችን ቦይ ጉዳይ

ውድ ጆቴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ሐዋሳ ይድረስህ። ባለፈው በስልክ «እንድሪስ፣ እየጠየቅኸኝ ነው ወይስ እየነገርኸኝ?» አልኸኝ፤ እኔ ተገቢውን ቃል ስመርጥ መስመሩ ተቋረጠ። መልሴ ይህ ደብዳቤ ነው፤ አስቀድሜ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

እዚህ ጊዳ አያና፣ በእናንተና በእኛ መንደር መካከል ያለው ጨፌ እየደረቀ ነው። በልጅነታችን እስከ ጉልበት ያሰጥመን የነበረውን ረግረግ ዛሬ ከብት ሳይሰጋ ያቋርጠዋል። ከበታቹ ያለው ምንጭ በጋው ሳይጋመስ ይነጥፋል፤ የሁለቱም መንደር ሴቶች በሁለት ቋንቋ እየተጨቃጨቁ አንዲት ቀጭን ውኃ ይጠብቃሉ። ጨፌው እንዲያገግም የቀረበውን የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ ጥያቄ እንድመረምር ከነቀምቴ የተላክሁት እኔ ነኝ። ውኃውን አሟጦ የሚወስደው የመሃሉ ቦይ ነው። ቦዩ ቢደፈን ውኃው ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ከአባትህ የወረስኸው የበቆሎ ማሳ ግን ረግረግ ይሆናል፤ ይህን አምናለሁ አልልም፣ አውቃለሁ።

ያን ቦይ እነማን እንደቆፈሩት ታውቃለህ። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ የሚበላው ባጣበት ዓመት አባትህ ኦቦ ታፋ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አካፋ አስይዘውት «ና፣ ጨፌውን እናጠንፍፈውና በበጋም እንዝራ» አሉት። አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቅጡ ሳያውቅ ጎን ለጎን ቆፈሩ። እኔና አንተ እሸት የጠገብነው ከዚያ ማሳ ነው። ስለዚህ ቦዩ ይደፈን ስል አባቶቻችን ተሳስተው ነበር ማለቴ እንዳይመስልህ።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ ለሊቀ መንበሩ ነገሩ ቀላል ነበር። «ባለመሬቱ በግጭቱ ተሰዶ ከሄደ ወዲህ አልተመለሰም፤ ቀበሌው በእሱ ፈንታ ይፈርምና ሥራው ይጀመር» አሉ። ይሄኔ አክስትህ አዳዳ ቦንቱ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ።

«ያ እንድሪስ! አንተስ ከሄድክበት ስትመለስ አልጋህ ላይ እንቁራሪት ተኝታ ብታገኝ ደስ ይልሃል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እናቴ ዛህራም አብራ ስትስቅ ቆይታ፣ «ቦንቱ እውነቷን ነው። ባዶ ቤት ባለቤት የለውም የሚለው ተሰዶ የማያውቅ ሰው ነው» አለች። እኔም ያለ አንተ ቃል የድጋፍ አስተያየት እንደማልጽፍ አስታወቅሁ።

በማሳህ ምትክ በዳገቱ በኩል መሬት ተይዞልሃል። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አፈሩ ከአባትህ ማሳ ያንሳል። ትመለሳለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ «ደኅና ነው፣ ና» ለማለትም ሥልጣኑም ድፍረቱም የለኝም። የቤታችሁን በር ተዘግቶ ማየት ግን እስከ ዛሬ አልለመድሁትም። ይህን በስልክ ልነግርህ አልሆነልኝም።

ጆቴ፣ እየጠየቅሁህ ነው። እምቢ ካልህ ቦዩ ክፍት ይቆያል፤ በመዝገቡም ላይ «ባለመሬቱ አልፈቀዱም» ብዬ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ምክንያት አልጠይቅህም።

ኦቦ ታፋ፣ ለልመና የሚሄድ ሰው እርጥብ ሣር በእጁ ይያዝ፣ ሣር የያዘንም ሰው ሳይሰሙ መመለስ ነውር ነው ይሉን ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጭብጥ ሣር ልኬልሃለሁ። ሐዋሳ እስኪደርስ ይደርቃል፤ ስቆርጠው እርጥብ እንደነበረ አዳዳ ቦንቱ ምስክሬ ናቸው። ጨፌውን ከዳር እስከ ዳር ዞሬዋለሁ። ለምለም ሣር ያገኘሁት አባቶቻችን በቆፈሩት ቦይ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው።

እሺም ይሁን እምቢ፣ ቃልህን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ጎረቤትህ እንድሪስ
ከአያና ከተማ