የእናቶችን ቃል ላዳመጥከው ለዮሴፍ

ውድ ባለቤቴ ዮሴፍ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እንዴት ነሽ?» ለሚሉኝ እንደምመልሰው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነቴን ነው። እንቅልፌ ተመልሷል፣ የምበላውም ይጣፍጠኛል። ልጃችን ሚልካ ፖይንት ኩክ የሚባለው ሰፈር እነሱ ጋ ጠቅልዬ እንድገባ ለምና ለምና ሲሰለቻት ተወችኝ። ሴንት አልባንስ ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ ምንጣፍ በቀር ምንም አልቀየርኩም። አዎ፣ ያንን የምትወደውን ቡናማ ምንጣፍ አስነቅዬ ጣልኩት። ስንት ዓመት ተከራክረንበት ነበር፤ አሁን ተከራካሪ ስለሌለኝ አሸነፍኩ። የበለስ ዛፍህን ደግሞ ስቲፔ ይከረክምልኛል። አዎ፣ ያው የምታውቀው ስቲፔ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የአገርህ ልጅ። እንዴት እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረችኝ የልጅ ልጅህ ሣራ ናት። ባለፈው እሑድ ፎቶህን እያየች፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ አያቷ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። «የቋንቋ ሊቅ ነበር» አልኳት። «ብዙ ቋንቋ ይችል ነበር ማለት ነው?» አለች። ይህ ብቻ እንዳልሆነ ባውቅም የቀረውን በአንድ ትንፋሽ ልነግራት አልቻልኩም። ስለዚህ መጀመሪያ ላንተ ልጻፈው አልኩ። የተሳሳትኩት ካለ አንተ ታውቀዋለህ። የምጽፈውም በአማርኛ ነው። አማርኛ ላንተም ለእኔም የእናት ቋንቋ አልነበረም፤ ግን የተዋደድነውም የተጣላነውም በእሱ ነው።

የተወለድከው በአድሪያቲክ ባሕር ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ፣ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። የደሴታችሁ ሰው አነጋገር ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት ክሮኤሽያኛ ይለይ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪህ የነፋስን ስም ስትጠይቅ በእናትህ ቃል መለስክ። እጅህን በማስመሪያ መታችህና «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» አለችህ። ቤት ስትገባ እናትህ በዚያው ቃል ነፋሱን ጠርታ መስኮቱን እንድትዘጋ አዘዘችህ። «የለም የተባለውን ቃል ሰምቼ መስኮቱን ዘጋሁ። የቋንቋ ተማሪ የሆንኩት ያን ዕለት ነው» ትለኝ ነበር።

ዛግሬብ ተማርክ። ያኔ ያንተና የእኔ መንግሥታት ወዳጆች ነበሩና አማርኛ እንድታጠና አዲስ አበባ ላኩህ። እዚያ ሳለህ ሲዳማ ውስጥ ሴቶች ብቻ የሚናገሩት የአነጋገር ወግ እንዳለ ሰማህና ይርጋለም ድረስ መጣህ። እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ፤ አሮጊቶቹን እንዳነጋግርልህ ቀጠርከኝ። ፀጉርህ ጆሮህን ሸፍኖት፣ ሻንጣ የሚያህል ቴፕ ተሸክመህ በጭቃው ስትመጣ ዛሬም ይታየኛል።

ወጉ ባሊሻ ይባላል። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም አታወጣም፤ በምትኩ ሴቶች የሚተካኩበት ሌላ ቃል አለ። እናቴ ወንጌልን ስትቀበል ስለተወችው እኔ የማውቀው ጥቂቱን ነበር። አንተ ግን እንሰቱ ጥላ ስር ከእናቶች መሃል ቁጭ ብለህ ቃሉን አንድ በአንድ ትለቅም ነበር። አንዷ እናት «ለመሆኑ ወንድ ልጅ የሴት ወግ ምን ያደርግለታል?» ብላ ሳቀችብህ። አንተም በተሰባበረ ሲዳምኛ «ሳገባ ሚስቴ የምትለው እንዲገባኝ ነው» አልካት። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ተጋባን፤ አብረን ዛግሬብ ሄድን። እናትህ ቋንቋዬን ሳታውቅ እቅፍ አድርጋ ተቀበለችኝ፤ ስለዚህ ልጃችንን በስሟ ሚልካ አልናት። አክስቴ በስልክ ስትሰማ «ምን ነካሽ አስቴር! ስሟን መጥራት የማይገባሽን ልጅ ምን ብለሽ ልትጠሪያት ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ጉዳዩን ለተማሪዎችህ በየዓመቱ ስታወራው ኖርክ። የአክስቴን ድምፅ ጭምር እያስመሰልክ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስምህ እየተጠራ ሄደ። ስለ ሲዳምኛ የጻፍከው መጽሐፍ ሲወጣ እናትህ ከደሴቷ ድረስ መጥታ፣ አንዱንም ቃል ሳታነብ፣ ገጹን በእጇ ስትዳብስ ዋለች። ከዚያ ክሮኤሽያውያንና ሰርቦች የተዋጉበት ጦርነት መጣ። የሥራ ባልደረቦችህ «የሰርቦች ናቸው» ያሏቸውን ቃላት ከክሮኤሽያኛ ለማስወጣት ሲነሱ ያንተን ፊርማ ፈለጉ። «ቃል ወንጀል አይሠራም። እናቴ ስትናገረው የኖረችውን ቃል እኔ አላባርርም» ብለህ እንቢ አልክ። ማንም አላሰረህም፤ ሰላምታ ነው የነፈጉህ። ቀጥሎ የምታስተምረውን ኮርስ ለሌላ ሰጡት። ሚልካ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መምጣት ስትጀምር ሻንጣችንን አዘጋጀን።

ሜልቦርን ስንገባ ፕሮፌሰርነትህን የሚያውቅልህ አልነበረም። የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት ሠራህ፤ ነጩን ቆብ አድርገህ ፎቶ ተነሥተህ ለእናትህ ላክህላት። ቀጥለህ በየሆስፒታሉ አስተርጓሚ ሆንክ፤ ለክሮኤሽያውም ለሰርቡም ለቦስኒያውም። ስቲፔ ያኮረፈህ ለዚህ ነበር። ያለመፈረምህ ወሬ ቀድሞህ ሴንት አልባንስ ደርሶ ነበር፤ ለሰርቦች ማስተርጎምህ ሲጨመርበት ሰውዬው በአጥር ላይ እንኳ ማየትህን ተወ። አንተ ግን ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ» ማለትህን አላቆምክም። እኔ እናደድ ነበር፤ አንተ «ሰላምታው የእኔ ነው፤ መልሱ የእሱ» ትለኝ ነበር።

በሃምሳዎቹ ዕድሜህ እንደገና ከታች ጀመርክ። በሰዓት የሚከፈለው አስተማሪ፣ ቀጥሎ ሌክቸረር፣ በመጨረሻም ፕሮፌሰር። ያን ሁሉ ቋንቋ ችለህ «ዘ» የምትባለውን ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል አንድም ቀን በቦታዋ አስቀምጠህ አታውቅም፤ ተማሪዎችህም ለዚህ ይወዱህ ነበር። ባቡር ውስጥ «ቀ»ን እና «ጠ»ን ለራስህ ስትለማመድ አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ተነሥተው ሌላ ወንበር ይፈልጉ ነበር። እኔም አንዳንዴ ከማላውቀው ሰው ጋር የተሳፈርኩ አስመስል ነበር፤ ይቅር በለኝ።

ከሥራህ ሁሉ ግን ለሣራ መጀመሪያ የምነግራት የእትዬ ዳራሜን ነገር ነው።

ታምራት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ከእናቱ ጋር ኮሊንግዉድ ሰፈር ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ ላይ ይኖር ነበር። እናቱ እትዬ ዳራሜ ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ትኩሳቱ ሲወርድ ሐኪሞቹ አእምሯቸውን መረመሩ። ታምራት በልጅነቱ ከአገር ስለወጣ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከታመሙ ወዲህ ከሲዳምኛ በቀር አልናገርም አሉ። በስልክ የተገኘው አስተርጓሚ ሀዋሳ ያደገ ወጣት ነበር። የውሃ ሥዕል ሲያሳዩአቸው ሌላ ነገር ይላሉ፣ ታምራት ከስልኩ ያወጣውን የቆጮ ፎቶ ሲያሳዩአቸው ሌላ። «የሚሉት ትርጉም የለውም» አለ ልጁ በቅንነት። ሐኪሞቹም አእምሯቸው ደክሟል፣ ከእንግዲህ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይሂዱ አሉ። ታምራት ደውሎልኝ ሲያለቅስ «እናቴ ቋንቋዋ ጠፋት» ነበር ያለኝ።

አንተ ያን ቀን ሌክቸር ነበረህ። ሰርዘህ መጣህ።

አልጋቸው አጠገብ ወንበር ስበህ ተቀመጥክ፤ በሲዳምኛ ሰላምታ ሰጥተህ የሚሉትን አዳመጥክ። ውሃ እንድትሰጣቸው ለመኑህ፤ እኔ ራሴ ቃሉን አላወቅሁትም። አንተ ግን ተነሥተህ ብርጭቆውን አቀበልካቸው። እስከ ሥሩ ጠጡት። ከዚያ «የባለቤትዎ አባት ስም ማን ነበር?» ብለህ ጠየቅክ። እትዬ ዳራሜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ዞር አሉ። ነርሷ «አየህ፣ ጥያቄውም አይገባቸውም» አለች። አንተ ፈገግ ብለህ ወደ ታምራት ዞርክ። «ዋሪዮ ነው፣ አያቴ ዋሪዮ ይባላል» አለ።

ሐኪሟን ጠርተህ ስታስረዳ ድምፅህ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፅህ ነበር፤ እርግጠኛ፣ የማይቸኩል። ውሃ በሲዳምኛ በ«ዋ» ይጀምራል። ቆጮም በ«ዋ» ይጀምራል። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ በአማታቸው ስም የሚጀምረውን ቃል አላወጡም፤ አሁንም አያወጡም። «ዶክተር፣ እኚህ ሴትዮ አንድም አልሳቱም። ጨዋነታቸውን ነው ስሕተት ያላችሁት» አልካት። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ምርመራውን ከመጀመሪያው እንድታስተረጉምላት ለመነችህ። እትዬ ዳራሜ ሁሉንም መለሱ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይህ ፈረንጅ የማን ልጅ ነው? ማን አሳደገው?» አሉኝ። «የሚልካ ልጅ ነው» ብዬ የእናትህን ስም ጠራሁላቸው። በሳምንቱ ቤታቸው ገቡ።

አንተ ከዚያ በኋላ አላረፍክም። በነገሩ ላይ ጽሑፍ አወጣህ፤ አስተርጓሚዎችን እየዞርክ አስተማርክ፤ የጀመርከውን የባሊሻ መዝገበ ቃላትም ለመጨረስ ከእትዬ ዳራሜ ጋር ኮሊንግዉድ ቁጭ ትል ጀመር። ልብህ እየደከመ እንደሆነ እኔም አንተም እናውቅ ነበር። የመጨረሻውን ፊደል ጨርሰህ ለአሳታሚው የላክህ ሰሞን፣ ጠዋት በለሱ ስር ወንበርህ ላይ እንደተቀመጥክ አረፍክ። ፊትህ የተጨነቀ ሰው ፊት አልነበረም።

ቀብርህ ላይ ያልነበረ አልነበረም። ክሮኤሽያው፣ ሰርቡ፣ የእኛ ዘማሪዎች፣ ተማሪዎችህ። ስቲፔም በጥቁር ልብስ መጣ። ለሕዝቡ ልናገር አለና በተሰባበረ እንግሊዝኛው ተናገረ። እናቱ ሆስፒታል ውስጥ ሲሞቱ እስከ መጨረሻው ስታስተረጉምላቸው የነበርከው አንተ ነህ። እሱ ከሥራ ሳይደርስ አለፉ፤ ማን አጠገባቸው እንደነበረ ያወቀው ካረፍክ በኋላ እናቱን ስታስታምም ከነበረች ነርስ ነው። «በማግሥቱ በአጥሩ ላይ ደህና አደርክ አለኝ። እኔ አልመለስኩለትም። እሱም ምንም አልነገረኝም» ብሎ አለቀሰ። ለእኔም አልነገርከኝም ነበር። አስተርጓሚ የሰማውን አያወጣም ትል ነበር፤ ከሚስትህ ጭምር መሆኑን ያን ቀን ገባኝ። አልተቀየምኩህም። እንዲያውም ኮራሁብህ። ስቲፔም በለስህን መከርከም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ደግሞ አዲሱን ልንገርህ። ዩኒቨርሲቲው ኮርስህን ዘግቶታል፤ ለቦታህም ሰው አልቀጠረም። ለአንድ ሳምንት ተናደድኩ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ለቅዳሜ ቡክ አደረግሁ። ታምራትና እኔ ሲዳምኛ እናስተምራለን፤ እትዬ ዳራሜ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሁለታችንንም ያርሙናል። ከተማሪዎቹ አንዷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሚልካ። እዚህ ከመጣን ወዲህ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅህ አሁን ግስ እያረባች ከፖይንት ኩክ ትነዳለች። አስተርጓሚዎች በሚሠለጥኑበት ቦታም ያን ቀን ለእትዬ ዳራሜ ያቀረብከውን ጥያቄ ያስተምሩታል አሉ።

መዝገበ ቃላቱ ታትሞ ደረሰኝ። እንዳዘዝከው የእናቶቹ ስም ከፊት፣ ያንተ ከኋላ ነው። ለዚህ ከአሳታሚው ጋር መጠነኛ ጠብ ነበረኝ፤ አሸንፌአለሁ።

በመጪው ወር ከሚልካ ጋር ይርጋለም እንሄዳለን። ልብሳችንን ቀንሰን ሻንጣውን በመጽሐፍ ሞልተነዋል። ቃላቸውን ከሰጡህ እናቶች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸው ግን አሉ። እያንዳንዷን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ እናቷ የተናገረችውን ከገጹ አነብላታለሁ። «ይህን ማን ጻፈው?» ስትለኝ ስለ አንተ እነግራታለሁ፤ ሳልቸኩል፣ ምንም ሳላስቀር። እግሬ መሄድ ሲያቅተው ሚልካ ትቀጥላለች፤ ቃሏን ሰጥታኛለች።

የምትወድህ ባለቤትህ፣
አስቴር