ዙቤዳ ጥያቄ የጠበቀችበት ዓርብ

ኮልፌ፣ ሰኔ 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ዙቤዳ ትናንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው ለመምህራን ባዘጋጀው የማስተማር ሥልጠና ላይ የመጨረሻ ትምህርቷን ሰጠች። እኔና እማዬ ከኋላ ተቀምጠን አየናት።

እርስዎ ወደ ጅማ ሲነሡ ነገሩ ክፉ ነበር። ተማሪዎቿ "የምታስተምረው ሰሌዳውን ነው" ብለው ከሰሷት፤ ፋኩልቲውም ሥልጠናውን እንድትከታተል፣ ካልተሻሻለች ግን ማስተማሩን ትታ ወደ ላቦራቶሪ እንድትመለስ ነገራት። ፌርማታው ላይ "ላቦራቶሪውም ሥራ ነው፣ ትቀበል በላት" ያሉኝን አልነገርኳትም። ሰው ሲጠይቅዎ "ልጄ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት" የሚሉበትን ድምፅ አውቀዋለሁ እኮ።

ሥልጠናው አንድ ደንብ አለው። መምህሩ የሚያስተምረው ባልደረቦቹን ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ የማያውቅ ሰውም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ዙቤዳ እማዬን መረጠች። እማዬ ለዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ብቅ አለች።

"እማዬ፣ ሰርግ አይደለም እኮ!" አለቻት ዙቤዳ።

"አንቺ ምን አገባሽ? እኔ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገቢ ነኝ።"

ትምህርቱ ስለ ውኃ መፍላት ነበር፤ አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል የሚለው። አስረዳችና "ጥያቄ?" አለች። መምህር መጠየቅ እንደ ድፍረት እየተቆጠረ አይደል ያደግነው? መምህራኑም ተማሪ ሆነው ሲቀመጡ ያው ሆኑ፤ ጸጥ አሉ። ዱሮ ቢሆን "ገባችሁ አይደል?" ብላ ወደ ሰሌዳው ትዞር ነበር። ትናንት ግን ጠመኔዋን አስቀምጣ ጠበቀች። አሠልጣኙ ሰዓቱን አየ። አሁንም ጠበቀች።

እማዬ አልቻለችም። "እናንተዬ፣ አፍ የላችሁም እንዴ? ልጅቷ ቆማ እየጠበቀች!"

ሳቁ ሲበርድ አቶ ፈቀደ እጃቸውን አወጡ። ዙቤዳን ራሷን ያስተማሩ አንጋፋ መምህር ናቸው።

"ይህን እኔም ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ" አሉ። "ግን ውኃው እዚህ ቶሎ የሚፈላ ከሆነ፣ ባቄላ ከድሬዳዋ ይልቅ እዚህ ለመብሰል ለምን ይዘገያል? ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አላሰብኩበትም።"

"መጀመሪያ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?" አለቻቸው።

የመሰላቸውን ተናገሩ። ከእርሳቸው መልስ ተነሥታ፣ ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቢጨምሩበት የበለጠ እንደማይሞቅ፣ እዚህ የፈላ ውኃም ድሬዳዋ ከፈላው ያነሰ ሙቀት እንዳለው፣ ባቄላውም የሚዘገየው ለዚህ እንደሆነ ደረጃ በደረጃ አሳየች። አቶ ፈቀደ ጻፉ። አባባ፣ እኒያ አንጋፋ ሰው ከልጅዎ አፍ እየሰሙ ጻፉ።

መውጫው ላይ እማዬን እጅ ነሥተው "ልጅዎ በልጣኛለች" አሏት።

"አስተማሪዋ እርስዎ አይደሉ?" አለቻቸው።

ዙቤዳ በመምህርነት ትቀጥል ወይስ ላቦራቶሪ ትግባ የሚለውን የሚወስነው የፋኩልቲው ጉባኤ ነው። አቶ ፈቀደ ድምፅ ከሚሰጡት አንዱ ናቸው፤ ወዴት እንደሚያዘነብሉ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። የሆነው ቢሆን፣ ትናንት ያየሁትን ማንም አይወስድብኝም። ከቻሉ እሑድ ሰኔ 11 ማታ ይድረሱልን፤ ውሳኔውን ስትሰማ ቤት ውስጥ ቢኖሩላት ደስ ይለኛል። ጉባኤው የሚቀመጠው ሰኞ ሰኔ 12 ነው።

ልጅዎ፣ ዩሱፍ