አባባ ሦስት ጊዜ የተጠራ ዕለት

ለወንድም ዓለሜ ለዘመነ ያየህ
ሞጣ

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? ከእንጨት ሥራው ብናኝ የመጣብህ ሳል ተወህ ወይ? እኔና እማዬ በኪዳነ ምሕረት ጥበቃ ደኅና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች። ስልኩ ከተቋረጠ፣ መንገዱም ከተዘጋ ወዲህ ድምፅህ ናፍቆናል። ይህችን ወረቀት በእግሩ ወደ እናንተ ለሚሻገረው ነጋዴ ለስጦታው ሰጥቸዋለሁ፤ እንዳያነባትም አስምየዋለሁ።

ጎረቤታችን ፋንታ የወንዝ ዳሯን ማሳ መያዙን፣ የመሬት ኮሚቴውም ለእርሱ መፍረዱን ሰምተሃል። ያችን ካጣን የምንበላው የለንም። እማዬ ለቀበሌው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ አቤት ብላ ነበር። የካቲት 14 መጥሪያው በበራችን ስንጥቅ ተሰክቶ አገኘነው። ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ቀጠሮው በ16 ይላል። እማዬ ሳቀች። «በዓመቷ ኪዳነ ምሕረት ማን ጉባኤ ይቀመጣል? እነሱ የሚሰበሰቡት እሑድ ነው። ጸሐፊው ተሳስቶ ነው፤ 17 ማለቱ ነው» አለች።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። በ16 ሰው ሁሉ ንግሥ ላይ ሳለ ሹልክ ብዬ ወደ ቀበሌ ሄድሁ። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። ልግባ ብዬ እጄን አነሣሁና ፈራሁ። ማሳዋ አሁንም በአባባ ስም ናትና ሊቀ መንበሩ «አቶ ያየህ ምንይሉ አሉ?» ብሎ ተጣራ። ደግሞ ጠራ። ፋንታ «እሱማ ሚካኤል ደጅ ከተኛ ሁለት ዓመቱ፤ ጠንከር አድርገህ ጥራው» አለና ተሳሳቁ። በሦስተኛው አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣኝም። «ይግባኝ ባይ አልቀረበም፤ ውሳኔው ጸንቷል» ሲል ሰማሁና ሮጥሁ። ንግሡ መሀል ገብቸ ከእማዬ ጎን ቆምሁ፤ እልል ስትል አብሬ እልል አልሁ።

በማግስቱ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ስትሄድ «ትናንት አልቋል» ብለው መለሷት።

ከዚያ ወዲህ ያ ጥሪ አልለቀቀኝም። ውኃ ስቀዳ ከኋላዬ ይጣራል፤ ዞር ስል ማንም የለም። መምህሩ «ጸደንያ ያየህ» ብሎ ሲጠራኝ «አቤት» ማለት ያቅተኛል፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጨ ሦስት ቀን ቀሪ ተብያለሁ። አንዳንዴ አባባ ራሱ ከዚያ በር ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

ማመልከቻ የሚጽፉልን መሪጌታ አካለ ወልድ ነገሩን ሰምተው «ደንቡ እኮ መጥሪያ ከሳምንት በፊት በእጅ ተሰጥቶ ይፈረምበት፣ ጉባኤውም በር ተከፍቶ ሕዝብ እየሰማ ይካሄድ ነው የሚለው። መዘጋቱን ያየ ምስክር ካለ እንደገና ይታያል» አሉ። እማዬ «ሰው ሁሉ ንግሥ ላይ ነበር፤ ማን ያያል?» ብላ አለቀሰች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ትናንት ነገርኋት። የምትፈትለውን ጥጥ አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም። «እኔም ብሆን ድምፅ አይወጣኝም ነበር» ብቻ አለች። ዛሬ ጠዋት መሪጌታ ዘንድ ወሰደችኝ። እርሳቸው ግን አልደበቁኝም፤ «እየሰማሽ ለምን ዝም አልሽ ብለው በራስሽ ቃል ይይዙሻል። ቢሆንም ከአንች ሌላ ሰው የለንም» አሉኝ። ሰኞ ቢቸና ፍርድ ቤት ሄጀ በሰው ፊት ልመሰክር ነው። እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማልወጣዋ።

ወንድም ዓለሜ፣ ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር አለ። በሩ ተዘግቶ ነበር እንጂ አልተቆለፈም፤ ነፋስ ሲነካው ገርበብ ይል ነበር፤ «ክፍት ነበር፣ መግባት ትችይ ነበር» ሊሉኝ ይችላሉ። ሰኞ ይህን ከጠየቁኝ አልዋሽም። ማሳዋ በዚያ ከሄደች ከሰው ሳይሆን ከእኔ ስማ ብዬ ነው።

አክስታችንን እትዬ ይርጋነሽን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። ለባለቤታቸው ለጋሽ ውበቴ፣ ለልጃቸው ለሰርካለም፣ አፏን ለፈታችው ለትንሿ ሰብለ ወንጌልም ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ዓይንህን ትስምሃለች።

እህትህ ጸደንያ
ከቢቸና አጠገብ፣ የካቲት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.