በጀርባሽ አዝለሽ ያሻገርሽው ልጅ

ይድረስ ለእናቴ ምትክ፣ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ፦

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽስ፣ ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጊበታለሽ? ሳልሽ ለቀቀሽ? ልጆቹስ፣ ያ የማያስተኛሽ የጎረቤት ውሻስ ደህና ነው? በእኔ በኩል ናፍቆቱ ከቁመቴ በልጧል፤ ቁመቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። አዎ፣ እኔ! እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ሰው እያሳጠረ ወሬዬን ሲበላብኝ ኖሯል። ዘንድሮ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። መምህራችን "እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም" ብለዋል፤ እኔ በበጎ ተርጉሜዋለሁ። የምታነብልሽ ልጅሽ ጠማማ ፊደል ካየች የወረቀቱ ጥፋት ነው በያት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ወገቤን ያመኝ እንደነበር ሰምተሻል። ዕድሜ ልኬን ስፌት መኪና ላይ ስላጎነበስኩ ነው ብዬ ናቅሁት። አንድ ቀን ግን የጨርቅ ጥቅል ላነሳ ዝቅ ስል ጎኔ ቀጭ አለ፤ አጥንቴ እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰንጥቆ ተገኘ። ሐኪም ቤት ደሜን ቀዱ፣ ከዳሌዬም መቅኔ ወሰዱ። በሽታው የመቅኔ ካንሰር ነው እትዬ፤ ማይሎማ ይሉታል። አታልቅሺ፣ ገና አልጨረስኩም።

ሐኪሟ ስታስረዳኝ "ክሮሞሶም" የሚል ቃል ጠራች። እኔ "ክሮ" የሚለውን እንደሰማሁ የቀረውን አላስጨረስኳትም። "የክር ነገር ከሆነ ለእኔ ተዪው፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ እኔ በሰፋሁት ነው የተዳረው" አልኳት። ሳቀችና "እሺ፣ ክር እንበለው" ብላ በእኔው ቋንቋ ቀጠለች። ሕዋስ በሚሏት በእያንዳንዷ የሰውነት ቅንጣት ውስጥ ሰው የተሰፋበት ቀጫጭን ክር አለ። በታመመው መቅኔዬ ውስጥ አንዱ ክር ተበጥሶ ከማይገናኘው ጋር ተቀጥሏል። እንዲህ ያለው ቅጥል በሽምግልና ከሚታመሙት ይልቅ በዕድሜ ለጋ በሆኑት ላይ ይበዛል አለችኝ።

ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል? ወደ ወረፋ መጠበቂያው ወጥቼ "ክሬ የጎረምሳ ነው!" ብዬ ለፈፍኩ። አብሮኝ የሚታከም አንድ ሾፌር "ታዲያ ጎረምሳው፣ ተነስና ወንበሩን ለሽማግሌ ልቀቅ" ብሎ ሰው ሁሉ አሳቀብኝ።

ተመልሼ ስገባ ሐኪሟ አልሳቀችም። ያ የጎረምሳ ያልኩት ቅጥል ከእልኸኞቹ አንዱ ነው፤ በመድኃኒት ይሸሽና ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ሕክምና አስባልኛለች። የራሴን የመቅኔ ዘር ቀድመው ያስቀምጡና መቅኔዬን በብርቱ መድኃኒት ጠርገው፣ ያስቀመጡትን መልሰው ይዘሩብኛል። ግን ሸክሙ ከባድ ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰውነት ላይችለው ይችላል። "ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም፣ ልብህንም ኩላሊትህንም አያለሁ። ቢሆንም እውነተኛ ዕድሜህን ንገረኝ" አለች። ስልሳ አምስት ካልሞላኝ ሳታመነታ ትገፋበታለች። ሰባን ካለፍኩ ለስለስ ያለውን ትመርጣለች።

ዕድሜዬን አላውቀውም እትዬ። ባለቤቴ "ሲጠይቁህ ሃምሳ፣ ከወንበር ስትነሳ ሰማንያ ነህ" ትለኛለች።

የሚያውቅ የቀረኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ወንዙ ድልድዩን በወሰደበት ክረምት ሕፃን አዝለሽ እንደተሻገርሽ እናታችን ስታወራ ነው ያደግሁት። "እኔኮ ጎርፍ ያልደፈረኝ ሰው ነኝ" እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ፤ ከፉከራዬ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ግን ከእኔ በፊት የሞተ ወንድም ነበረን፤ ስሙንም አወረሱኝ። እናታችን ጎርፉን ስትተርክ ያንን ስም ትጠራ ነበር፤ ማንኛችንን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋት። አንቺም ስለ እሱ አንስተሽ አታውቂም፤ እኔም ቁስልሽን ላለመንካት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ልነካው ነው፣ ይቅር በይኝ። ያ ጎርፍ ከወረደ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በጀርባሽ የነበረው እኔ ከሆንኩ ሰባን አልፌያለሁ። እሱ ከሆነ ግን እኔ ከብዙ ክረምት በኋላ ነው የመጣሁት፤ ስልሳ አምስት አልሞላኝም።

በስልክ ብጠይቅሽ አንቺ ማልቀስ፣ እኔ መቀለድ እንጀምርና ነገሩ ይቀራል። ልጅሽ ትጻፍልሽና ላኪልኝ፤ እኔው ራሴ አነበዋለሁ። ደግሞ የሚያስደስተኝን ብለሽ ዓመት እንዳትቀንሺልኝ። ልጅ ሳለሁ ሱሪዬ ሲያጥረኝ ጫፉን ፈትተሽ ታስረዝሚልኝ ነበር። አሁን ልኬን ብቻ ንገሪኝ፤ በሌላ ሰው ልክ ቢሰፉልኝ የምቀደደው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ እጅ ነስታለች። ባልሽን በምርኩዙ እንዳይመታኝ ከሩቅ ሰላም በይልኝ። ደብዳቤውን ላነበበችልሽ ልጅሽ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለታናናሾቿም እንዲሁ። ጎርፉን የተሻገረው እሱ ከሆነ ደግሞ፣ መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ለወንድማችን አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ታናሽህ ፉከራህን ይዞልህ ኖሯል፣ አሁን ሲመልስልህ ደስ ብሎታል በይው።

ወንድምሽ
ከስፌት ቤቴ፣ ጥቅምት 9 ቀን