አውራ ጣቷን የያዝኩባት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለምወድሽ እህቴ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ የምጽፍልሽ እማዬ ሳታውቅ ነው። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን።

እታለም፣ አባታችን ፍቺ እንደጠየቀ ሰምተሻል። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎታችን፣ እማዬን "እኔ እያለሁ ጠበቃ ፍለጋ አትንከራተቺ" ብሎ እሑድ ጠበቃ ነው ያለውን አንድ ሰውዬ ይዞ መጣ። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ወረቀት አውጥቶ የጣት አሻራ ቀለሙን ከፈተ። እማዬ ማንበብ እንደማትችል አጎታችን ነግሮታል መሰለኝ። አውራ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል እጇን ያዝኩት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቀው እኔ! ወረቀቱን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ቤቱን ለባሌ ለቅቄአለሁ፣ ትንሹ ልጄም ከእሱ ጋር ይኑር ይላል።

ሰውየውን ስንት የፍቺ ጉዳይ ይዘው ያውቃሉ ብዬ ጠየቅሁት። አጎታችን "ይቺ ደግሞ መቼ አፍ አወጣች?" ብሎ ሳቀ። ሰውየው ለካ የሚይዘው የመኪና ግጭት ጉዳይ ነው፤ "ፍቺ ምን አለው፣ ፊርማ ነው" አለኝ።

የምሠራበትን ልብስ ስፌት ቤት አስፈቅጄ ትናንትና ዛሬ ጠበቃ ለመምረጥ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ዝምተኛን ማን ልብ ይለዋል? አንዱ ጠበቃ የባለጉዳዩን ስም ይስታል። ሌላው ላገኘው ሁሉ "ድሉ በእጄ ነው" ይላል። አንዲት ጠበቃ ግን ለአንዲት አሮጊት ወረቀቱን አንብባ "እስቲ አሁን እርስዎ መልሰው ይንገሩኝ" አለቻቸው። እስኪነግሯት ድረስ አላስፈረመቻቸውም። ተከተልኳት። የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ስትይዝ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የጥብቅና ፈቃዷንም አሳየችኝ። ታሸንፊልናለሽ ወይ ስላት "እንደዚያ ብሎ ቃል የሚገባልሽን ሽሺው። እናትሽ ትምጣ፤ የምትፈልገውን ከራሷ አፍ ልስማ" አለችኝ።

አጎታችን ሰፈሩን እየዞረ ያማኛል። የሰው ፊት ማየት የማትችል ልጅ ጠበቃ መራጭ ሆነች ይላል። ይበል! እማዬም "ሰው ይቀየመናል" ብላ ፈራች። ይቀየም፤ የእሱ ደስታ መጠለያ አይሆነንም አልኳት። ከዚያ የጠበቃዋ ቢሮ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀችኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን። ትንሹ ወንድማችን አንቺን "ናፍቃኛለች በያት" ብሎኛል።

ነገ በጠዋት እማዬን ይዤ ጠበቃዋ ዘንድ እሄዳለሁ። አጎታችን በር ላይ ቢቆም፣ አቀርቅሬ ሳይሆን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ አሳልፈን እለዋለሁ።

ከቤታችን፣ ታናሽ እህትሽ