ወልደጻድቅ ያመጣው ካርታ

ይድረስ ለተወደዱት እትዬ አመተማርያም፤ እንዴት ከርመዋል? እኛ፣ ክብር ለእግዚአብሔር፣ ደህና ነን።

ወንድምዎ ወልደጻድቅ ጡረታ ቢወጣም የቀያሽነቱ ነገር አልለቀቀውም። ከላይብረሪ፣ ድሮ የአሜሪካ ገበሬዎች የሰፈሩበትን ሜዳ ካርታ ኮፒ አድርጎ ያመጣል። በየማሳው ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ማክሰኞ አንዱን ማሳ በጣቱ እያሳየ፣ «ሄዋን፣ ቤታችን እዚህ ነበር። ስሜን ማን ፋቀው?» አለኝ። «ቤታችን እዚሁ ሲያትል ነው» ስለው ተቆጣኝ።

ልጃችን ሳምራዊት የመኪናውን ቁልፍ ወስዳበታለች። እኔም አድራሻችንን ጽፌ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ።

እሁድ ኮል ሲያደርግልዎት «እማዬን አገናኚኝ» ካለ፣ ካረፉ ስምንት ዓመት መሆኑን አይንገሩት። እኔ ነግሬው እንደ አዲስ መርዶ አለቀሰ። ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ይበሉልኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

አክባሪዎ ሄዋን