ሰኞ ጠዋት የሚደወለው ስልክ

ውድ ሆዴ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደርሶኛል። የልጅህም የብቻዋ ደርሷታል። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ አልከፈትናቸውም። እንዳትቆጣ። ከተጋባን ጀምሮ አንተ ቀድመህ ትናገራለህ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ጉዳዩ አለቀ ይባላል። የዛሬውን ግን አልለቅልህም። የአንተን ካነበብኩ በኋላ የምጽፈው ሁሉ መልስ ይሆንብኛል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምነግርህ የራሴ ጉድ አለኝ። ደብዳቤህ ይህን ያህል ለምን እንደዘገየ ታውቃለህ? ያዘገየኸው አንተው ነህ።

ከዚያ ድርጅት ጋር የተዋዋልክ ዕለት ትዝ ይልሃል? እስከ ክርንህ ጀሶ ለብሰህ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው እየሳቅክ ገባህ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወርክሾፕህ ይደውላሉ፤ «አሉ ወይ?» ይሉሃል፤ «አለሁ» ትላቸዋለህ፤ በቃ። ሦስት ሰኞ ተከታትሎ መልስ ካጡ፣ እነሱ ዘንድ ያስቀመጥክልንን ደብዳቤ ለእኔና ለልጃችን ይልካሉ። «ሞትን ደግሞ ምን በቀጠሮ አስጠራህ?» ብዬ ተቆጣሁህ። አንተ ግን የምትለው ነገር ሲኖርህ ዝም ብለህ መሄድ አትችልም፤ ሞተህም ቢሆን።

አንዱን ነገር ግን ያኔ በደንብ አልሰማሁህም ነበር። የሞት ማስረጃ ቢቀርብላቸው እንኳ እንዳይቀበሉ አስፈርመሃቸዋል። አንተ ልጅ ሳለህ አባትህ ሞቷል የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ቤት ድረስ መጥቶ፣ ተለቅሶ ካበቃ በኋላ ሰውዬው በእግሩ ሲገባ እናትህ በር ላይ መውደቋን አይተሃል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር አያሳምንህም። «እኔ ዝም ስል ብቻ እመኑ» አልካቸው። ድምፅህንም ቀድተው ያዙ፤ ሌላ ሰው አለሁ ቢል እንዳይሸወዱ።

እንግዲህ ሥራህን እኔም አውቀዋለሁ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ሰው እጁ የራሱ አይደለም። ጀሶው አንዴ ከተበጠበጠ ማንንም አይጠብቅም፤ ስልክ ላንሳ ብለህ ዞር ካልክ ዕቃው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሞባይል ደግሞ አልይዝም ብለህ አስቸገርከን። ስለዚህ ከወርክሾፑ ስልክ ጋር መልእክት መቅጃ አስገጠምክ። የደወለ ሁሉ ድምፅህን ይሰማል፦ «አለሁ! እጄ ጀሶ ሆኖ ነው። ስምዎትን ይንገሩኝ፤ ጥርስዎ ይደርሳል።» ስትቀዳው አጠገብህ ነበርኩ። ያንን «አለሁ» ደስ እስኪልህ ድረስ ደጋግመህ ቀዳኸው፤ እኔም ሹመት ተሰጠህ እንዴ ብዬ አሾፍኩብህ።

ከዚያ ልብህ እዚያው ሥራ ወንበርህ ላይ ቆመች።

ከቀብርህ መልስ ደብዳቤህን መጠበቅ ጀመርኩ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ እከፍታለሁ። ሳምንታት አለፉ፣ ወራት አለፉ፣ ምንም የለም። ረሳን ብዬ ሆድ ባሰኝ። ኋላ ላይ አፍሬም ቢሆን ደወልኩላቸው። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት። ስምህን ነገርኳት፣ ትንሽ አስጠበቀችኝና ደስ ባላት ድምፅ፣ «አይስጉ እናቴ፣ ደንበኛችን ደህና ናቸው። ባለፈው ሰኞም መልሰዋል» አለችኝ።

ሞቷል፣ እኔው ራሴ ቀብሬዋለሁ አልኳት። የቁልፍ ሰሌዳ ስትነካካ ይሰማኛል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ድምፃቸው እኛ ጋ ካለው ጋር አንድ ነው። ሁሉንም ሰኞ መልሰዋል። አንድም አላለፋቸውም።»

በሚቀጥለው ሰኞ ማልጄ ወርክሾፕህ ሄድኩ። ያላለቁ ጥርሶች ስለነበሩ ቤቱን አልለቀቅኩትም ነበር፤ መብራቱም ስልኩም እንዳለ ነው። መደርደሪያው ላይ የደንበኞችህ የጀሶ መንጋጋዎች ተደርድረው አፋቸውን ከፍተዋል። ድሮ አያስፈሩኝም ነበር። ያን ጠዋት ግን ጀርባዬን ልሰጣቸው አልፈለግኩም። ሽርጥህ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወንበርህ እንደተውከው ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ስልኩ ጮኸ። አላነሳሁም። መቅጃው ቀጭ አለና አንዲት ሴት፣ በማሽን የምትናገር እንጂ ሰው ያልሆነች ሴት፣ ልስልስ ባለ ድምፅ «እንደምን አደሩ? አሉ ወይ?» አለች።

«አለሁ!» አልክ።

«እናመሰግናለን። የዛሬ ሳምንት እንደውላለን» አለችህ። አንተም «ጥርስዎ ይደርሳል» አልካት። ከዚያ ሁለታችሁም ዘጋችሁ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ግን መግባቱ ምንም አልረዳኝም። ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ነፍስ የሌላቸው ነገሮች ስለ አንተ መኖር ተነጋግረው ተስማሙ፤ እኔን ሚስትህን ግን መሐላቸው ቆሜ ማንም የጠየቀኝ የለም። ወንበርህን ዞሬ ማየቴን አልደብቅህም። ደግሞ እኮ በሕይወት እያለህም አብዛኛውን ሰኞ የመለሰላቸው ይኸው መቅጃ ሳይሆን አይቀርም።

ልወጣ ስል መቅጃው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ። ደንበኛ ይሆናል ብዬ ተጫንኩት። ልጅህ ነበረች።

«አባ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ከዚያ ትስቃለች። «ነገርኩህ እኮ!» ትላለች። እንደገና ዝም። ስትጠይቅህ መልስህን ታዳምጣለች ሆዴ፤ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንተ የምታወራ ያህል ታስተናግድሃለች። ያ ሲያልቅ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። አዲሱ ቤቷ አንድ ወንበር ለአንተ ማስቀመጧን፣ እሑድ ምሳ ሠርታ ጠብቃህ ስትቀር መቀየሟን፣ ሁሉንም ሰማሁ። ለእኔ «ሥራ በዝቶብኛል እማ» እያለች ስልክ የማታነሳዋ ልጅ። በቀብርህ ቀን እንባ ያልወጣት ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። መቃብርህንም ከዚያ ወዲህ አልረገጠችውም። ልጄ ከእጄ እየወጣች ነበር፤ እኔ የምጠብቀው ግን ፖስታ ነበር።

ለምኜ አስመጣኋት። አንገቷ ሰልሎ፣ የጃኬቷ ትከሻ ሰፍቷት መጣች። ድምፁን በሌላ ነገር ልቅዳልሽና ማሽኑን እንንቀለው፣ አባትሽ የጻፈልሽን ደብዳቤ ያገደው ይኸው ማሽን ነው አልኳት።

«ቀድተሽ ስጪኝ አላልኩሽም» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው ስደውል እንዲያነሳልኝ ነው። ደብዳቤ የሚልክልኝ የሞተ አባት ነው እማ። የእኔ ያነሳል።»

እጄን ወደ ሽቦው ስዘረጋ ክንዴን ያዘችኝ፤ ያያያዟ ጥንካሬ አስፈራኝ። እሷም አንተም ግትር ናችሁ፤ አልታገልኳትም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፦ ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር እንድትቀመጥ።

ተቀመጠች። ያቺ ሴትዮ ደውላ «አሉ ወይ?» ስትል ልጅህ ቀና አለች። አንተም በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ደስታ፣ «አለሁ! እጄ ጀሶ ሆኖ ነው» አልካት። የልጄን ፊት እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ቅናት የመሰለ ነገር አየሁባት። ሞባይሏን አወጣችና እዚያው አጠገቡ ቆማ ደወለችልህ። ስልኩ ጮኸ፣ ማሽኑ ቀጭ አለ፣ የውስጡ መንኮራኩር መዞር ጀመረ፣ «አለሁ!» አልካት። ዘጋችና እንደገና ደወለች። አሁንም «አለሁ!» አልክ፤ ትንፋሽ የምትወስድባት ቦታ እንኳ አልተለወጠችም።

«ለእሷም የሚላት እንዲሁ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለማንም እንዲሁ ነው የሚለው።»

ሽቦውን የነቀለችው እሷ ናት። ማሽኑን በሽርጥህ ጠቅልላ ከመደርደሪያው ሥር አስቀመጠችው፤ አንተን ያስተኛች ያህል ቀስ ብላ።

የሚቀጥለውን ሰኞ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ተወው። ዝምታህን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ እስከዚያ ድረስ ለካ ዝም ብለህ አታውቅም። በሁለተኛው ሰኞም እንዲሁ ሆነ። ልጅህ ሁለቱንም ጊዜ ጣቶቿን ቆላልፋ፣ ጉልበቷ መሐል አጥብቃ ይዛ ተቀመጠች። በሦስተኛው ሰኞ ግን ስልኩ ሲጮህ ድንገት ብድግ አለችና አነሳችው። ልይዛት ተነሳሁ፤ አልደረስኩባትም። ማሽኑን መልሳ ልትሰካው መስሎኝ ነበር።

«እንደምን አደሩ? አሉ ወይ?» ያቺ ሴትዮ ስትል ከቆምኩበት ይሰማኛል።

ልጃችን «የለም» አለች።

«አልሰማንዎትም። እባክዎ ይድገሙልን።»

«የለም። አባቴ የለም።»

«አልሰማንዎትም። እባክዎ ይድገሙልን።»

«ሞቷል» አለች። ከዚያ በኋላ ያቺ ሴትዮ ባትጠይቃትም ደጋገመችው፤ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ እጀታውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ደጋገመችው። ከዚያ አለቀሰች። በቀብርህ ቀን ያልወጣው ሁሉ ወጣ። የጀሶ ብናኝ ያለበት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃንነቷ አቀፍኳት፤ አላባበልኳትም። ያን ዕለት ወደ ቤት ይዣት መጣሁ፤ በልታም ተኛች።

የአንተ ድምፅ ስላልሆነ መልሷን እንደ ዝምታህ ቆጠሩት መሰለኝ፤ ደብዳቤዎቹ ዛሬ መጡ። ያመጣው ሰው ፊርማ ጠየቀኝና ፈረምኩለት። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ምክር ይሆናል፣ ቀልድ ይሆናል፣ የቧንቧው መዝጊያ ወዴት እንደሚዞር ይሆናል። ምንም ይሁን። እኔ ግን ሳላነብልህ ማወቅ ያለብህ ይህ ነው፦ ወድጄህ ነበር፤ እየወደድኩህም ነው፤ አፌ ላይ አምጥቼው የማላውቀው አንተ ቀድመህ ስለምትለው ነው። እነሆ ዛሬ ቀደምኩህ።

ልጅህ ከአልጋዋ ተነስታ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከማን እንጀምር ትለኛለች፤ ከአንቺ አልኳት። እጇ ፖስታው ላይ ነው።

እንግዲህ ተናገር። እየሰማንህ ነው።

ሚስትህ